መመሪያው ለባሕር ጠረፍ፣ መኪናዋ ለአራት ኪሎ

በአራት ኪሎ በድል ሐውልቱ አጠገብ ጥቂት የቆመ ሰው አንዳንድ መኪናዎችን ከማየቱ በፊት ይሰማቸዋል። ማርሚታዋ ወጥቶ በባዶ ቱቦ የተተካላት፣ ሞላዋ ተቆርጦ ወደ አስፋልቱ ዝቅ ያለች፣ በአዲስ ቀለምና በሚያብረቀርቅ ቸርኬ የተሽሞነሞነች አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ እያጓራች ወደ ፒያሳ ታልፋለች። መንገደኛው ዞር ብሎ ያያታል፤ ከፊሉ ያደንቃታል፣ ከፊሉ ይራገማታል። ይህች መኪና በሀገራችን «ዲኤክስ» በሚለው ስም የምትታወቀው፣ ዕድሜዋ አርባ ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ የሆነው፣ አሁንም ባለቤቷን ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የምታመላልሰው ኮሮላ ናት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዲኤክስን የሚያሳድሱ ወጣቶችን መንቀፍ አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱም ከአድናቂዎቿ አንዱ ነው። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ጉዳይ የተዘነጋ ይመስለኛል። መኪናዋን የምናድስበትና አቅሟን የምናሻሽልበት ዕውቀት በአብዛኛው የተቀዳው ባሕር ጠረፍ አካባቢ ከሚነዱ ሰዎች ሲሆን፣ መኪናዋ ግን ዕለት ተዕለት የምትሄደው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ሳናሰላ የምናወጣው ገንዘብ ከፊሉ ይባክናል፤ ከፊሉም ለአደጋ ያጋልጠናል። በመሆኑም የሥራው ቅደም ተከተል መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ የማቆም አቅምን ማረጋገጥ፣ በመጨረሻ ማፍጠን መሆን አለበት የሚል እምነት አለኝ።

የስፖርት መኪና ዘመድ

ዲኤክስ የወጣቱን ልብ የሳበችው ያለ ምክንያት አይደለም። ቶዮታ ይህን የኮሮላ ትውልድ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ሞተሩ ከፊት ሆኖ ኃይሉ የሚተላለፈው ወደ ኋላ እግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተተካችው አዲሷ ባለ አራት በር ኮሮላ በፊት እግር የምትነዳ ሆና ስትመጣ፣ በዚያው ዓመት የወጣችው ዝነኛዋ የስፖርት ኮሮላ፣ ማለትም «ኤኢ86»፣ የቀድሞውን የኋላ እግር አነዳድ ይዛ ቀጠለች። ከስሯ ያለው አሠራርም በአብዛኛው ከቀዳሚው ትውልድ የተወረሰ ነበር። በጃፓን የተራራ መንገዶች ስሟን ያገነነችው፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሥዕላዊ ታሪክ መጽሐፍ ዓለምን ያዳረሰችው ይህች መኪና የእኛ ዲኤክስ የቅርብ ዘመድ ናት ማለት ነው።

ዝምድናው ግን ሞተሩን አይጨምርም። የኤኢ86 ሞተር 1,587 ሲሲ፣ ሁለት ካምና 16 ቫልቭ ያለው ሲሆን፣ መጀመሪያ ሲወጣ በጃፓን 130 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተመዝግቧል። በብዙዎቹ ዲኤክሶች ውስጥ የሚገኘው «4ኬ» የተባለው ሞተር ግን 1,290 ሲሲ ብቻ ሲሆን፣ ኃይሉ ከግማሹ ብዙም የማይርቅ ነው። የዚህ ሞተር ጥበብ ቀላልነቱና ጽናቱ ላይ ነው። የስፖርት መኪና መንፈስ ያላት ትሁት መኪና አድርጎ መያዝ ይቻላል፤ የስፖርት መኪና ናት ብሎ ማስገደድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አየሩ የሚወስደው ሩብ

ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በአየርም ጭምር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቤንዚኑ የሚቃጠለው በአየሩ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው። በባሕር ጠለል የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ በአራት ኪሎ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል። የአየሩም እፍግታ ከባሕር ጠረፉ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ያው ፒስተን፣ በዚያው ፍጥነት፣ ያንኑ ይዘት አየር ቢስብም የሚያገኘው ኦክስጅን በሩብ ያነሰ ነው።

የዚህን ትርጉም በቁጥር እንመልከት። 130 የፈረስ ጉልበት የተባለችው ኤኢ86 ራሷ ያለ አንዳች ጉድለት አራት ኪሎ ብትቆም አቅሟ ከ100 በታች ነው። 65 የፈረስ ጉልበት ያላት ዲኤክስም ወደ 50 ዝቅ ትላለች። አንድ ወጣት «መኪናዬ ደከመች» ብሎ ወደ ጋራዥ ሲሄድ፣ የድካሙ አንዱ ክፍል የሞተሩ ሳይሆን የከፍታው ሊሆን ይችላል። ማርሚታን ማውለቅ ይህን ሩብ አይመልስም። የጎደለው የሚገባው አየር ክብደት ነው እንጂ የጭስ መውጫው ስፋት አይደለምና። በዚህ መጠን አነስተኛ በሆነ ሞተር ላይ ማርሚታን ማውጣት በእርግጠኝነት የሚጨምረው ነገር ጩኸት ነው።

አየሩን በኃይል ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ለከፍታ ትክክለኛ ሳይንሳዊ መልስ መሆኑ አይካድም፤ አውሮፕላኖችም በዚሁ ዘዴ ተጠቅመዋል። ይሁን እንጂ አርባ ዓመት ያገለገለ ፒስተንና ፋሻ ያለውን ሞተር፣ በየቀኑ ለሥራ የሚፈለግን ሞተር፣ ለተጨማሪ ግፊትና ሙቀት ማጋለጥ ዕድሜውን መብላት ነው።

ጤነኛ ሞተር ላይ የሚፈረድ የሐሰት ፍርድ

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሞተር ያረጀ መሆኑን ለማወቅ መካኒኩ ካንዴላውን አውጥቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ያስገባና ሞተሩን ያሽከረክራል። ከዚያም ያገኘውን ቁጥር ከአምራቹ መመሪያ ጋር ያስተያያል። ለምሳሌ መመሪያው 12 ባር ይላል እንበል። ይህ ቁጥር የተለካው የከባቢ አየር ግፊት ሙሉ በሆነበት ቦታ ነው። በአራት ኪሎ ፒስተኑ መጭመቅ የሚጀምረው ከ76 በመቶው ግፊት ተነሥቶ ስለሆነ፣ አንዳች ጉዳት የሌለበት ሞተር እንኳ የሚያሳየው 9.1 ባር ግድም ነው።

እንግዲህ አስቡት። መካኒኩ «ከ12 ወደ 9 ወርዷል፤ ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» ቢል የሚፈርደው በጤነኛ ሞተር ላይ ነው። ሞተሩ ይፈታል፣ ቴስታታው ይነሣል፣ ፋብሪካ ያጠበቀው ሁሉ ይላላል፤ በምትኩ ከሶማሌ ተራ የተገዛ፣ ምንጩ በውል የማይታወቅ ዕቃ ይገባል። የባለቤቱ የወራት ቁጠባ ይሄዳል። መኪናዋም ተገጣጥማ ስትወጣ ግፊቷ ያው 9 ባር ነው፤ ከፍታው አልተጠገነምና!

መፍትሔው ቀላል ነው። አንደኛ፣ የመመሪያውን ቁጥር በ0.76 ማባዛት። ሁለተኛ፣ ከፍጹም ቁጥሩ ይልቅ የአራቱን ሲሊንደሮች ተቀራራቢነት መመልከት። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 6 ከሆነ በእርግጥ ሕመም አለ። ያን ጊዜ በዝቅተኛው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ጋ፣ ካላለ ደግሞ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ጋ መሆኑ ይጠረጠራል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ መለኪያና የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ነው።

ካርቡራቶርና ራዲያተር

ካርቡራቶርም እንዲሁ ለባሕር ጠረፍ የተሠራ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚለቀው ቤንዚን በዚያው መጠን አይቀንስም። የአየሩ ክብደት በሩብ ሲያንስ፣ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ ይኸውም 13 በመቶ ግድም ብቻ። ውጤቱ ከተፈለገው በ15 በመቶ ያህል ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ነው። የካንዴላው መጥቆር፣ ከጭሱ የሚወጣው የቤንዚን ሽታ፣ የነዳጅ ወጪው መብዛት ከዚህ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ «ሞዲፋይ» ማድረግ በእርግጥ ይጠቅማል። በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታስተላልፈውን የነሐስ ፍሬ ቀዳዳዋ በስፋት 13 በመቶ፣ በወርድ ደግሞ 7 በመቶ ያህል በጠበበች መተካት ድብልቁን ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመልሰዋል። አንድ ሚሊ ሜትር የነበረች ቀዳዳ 0.93 ሚሊ ሜትር ትሆናለች ማለት ነው። ቀዳዳዋን በመርፌ ማስፋት ወይም በሽቦ መጠቅጠቅ ግን ልኬትን ማበላሸት ነው። የቀድሞዋም ፍሬ መጣል የለባትም። ባለቤቱ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ከሆነ አየሩ ስለሚወፍር፣ ለአዲስ አበባ የተስተካከለው ድብልቅ በዚያ ይሳሳና ሞተሩን ሊያግል ይችላል።

ስለ መጋል ካነሣን ራዲያተሩን መመልከት ተገቢ ነው። በአራት ኪሎ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው። ሞተሩ ሲሠራ የሚደርስበት ሙቀት ከ80 ዲግሪ በላይ በመሆኑ በመካከላቸው ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ይህን ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያህል ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት ስለማይዝ ውኃው በ92 ዲግሪ መንተክተክ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ «ሞተሯ ትግላለች» ተብሎ የሚፈረደው በቴርሞስታቱ ላይ ነው፤ ተነቅሎም ይጣላል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ጠዋቶች ሳይሞቅ ይሠራል፣ ቤንዚን ያባክናል፣ ዘይቱም በቤንዚን ይበረዛል። ጥፋተኛው ክዳን ሆኖ ሳለ ቅጣቱን የተቀበለው ቴርሞስታቱ ነው።

ማቆም ይቀድማል

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ከእንጦጦ ማርያም ተነሥቶ በሽሮ ሜዳና በስድስት ኪሎ በኩል ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ መንገድ ወደ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ከተሳፋሪዎቿ ጋር 1,100 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ቁልቁለት ስትወርድ የምታጣው ጉልበት ወደ 6.5 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውኃን ከቀዝቃዛ አንሥቶ አፍልቶ የሚያደርስ ሙቀት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድን ያችኑ መኪና ከ40 ጊዜ በላይ ማስቆም ማለት ነው። ከዚህ ከፊሉን ነፋስና የጎማ ሰበቃ ይወስዱታል፤ የቀረውን አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ካልያዘው በስተቀር የሚሸከሙት ፍሬኖቹ ናቸው።

ይህም ብቻ አይደለም። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ባሕርይ አለው። «ዶት 3» የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ መቋቋም ሲኖርበት፣ እርጥበት ከመጠጠ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ለዓመታት ያልተለወጠ ፍሬን ዘይት ይዞ ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ከፍታው ፍሬንንም በሌላ መንገድ ያዳክማል። እግራችንን የሚያግዘው የፍሬን አጋዥ የሚሠራው በከባቢ አየር ግፊትና በሞተሩ ሳቢያ በሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። በሞተሩ በኩል ያለው ግፊት 30 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ልዩነቱ በባሕር ጠረፍ 71፣ በአራት ኪሎ 46 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። እገዛው ከሲሶ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። ወደ አጋዡ የሚሄደው አሮጌ ቱቦ ቢሰነጠቅ ደግሞ የቀረውም ይጠፋል።

በተጨማሪም የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ አንርሳ። ፍጥነትን ከ60 ወደ 80 ማሳደግ ፍሬን የሚያስወግደውን ጉልበት በ78 በመቶ ይጨምረዋል። ስለዚህ ለተጨማሪ የፈረስ ጉልበት የሚወጣ እያንዳንዱ ብር፣ ፍሬኑ አስቀድሞ ካልታደሰ፣ በግንፍሌ ቁልቁለት ላይ የሚከፈል ዕዳ ነው። አዲስ የፍሬን ሸራ፣ አዲስ ዘይት፣ ያልደረቀ ጎማ፣ ያልላላ መሪ፤ እነዚህ አይጮኹም፣ አያብረቀርቁምም። ነገር ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። ጎማን በተመለከተ በጎኑ የታተመችውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ማንበብ በቂ ነው፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

ሞላ መቁረጥም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። የሞላ ጥንካሬ ከጥምዝ ብዛቱ ጋር በተገላቢጦሽ የሚሄድ ስለሆነ፣ ከስምንት ጥምዝ ሁለቱን መቁረጥ ሞላውን በሲሶ ያጠነክረዋል፤ የመታመቂያ ርቀቱን ግን ያሳጥርበታል። በየመንገዱ ጉድጓድና የፍጥነት መቀነሻ ባለበት ከተማ ይህ ጎማውን ከመሬት ያዘልላል እንጂ መሬት አያስይዝም።

«ለምን አትጣልም?»

አንዳንድ አንባብያን «አሮጌ መኪና ከተማውን ይበክላል፤ ማደሱ ለምን ያስፈልጋል?» ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዲኤክስ የቱንም ያህል ብትታደስ የዘመናዊ መኪናን ያህል ንጹሕ አትሆንም። ይሁን እንጂ ያለንበትን እውነታ ማየት ያስፈልጋል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪናዎች ማስገቢያ ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱ መልካም ነው፤ ዋጋው ግን ለሁሉም አይደለም። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ለዓመታት ይሄዳሉ። ምርጫው መሄዳቸውና አለመሄዳቸው ላይ ሳይሆን፣ 15 በመቶ ቤንዚን እያባከኑና ፍሬናቸው እየደከመ ይሂዱ ወይስ ተስተካክለው ይሂዱ የሚለው ላይ ነው። ድብልቁ የተስተካከለ ዲኤክስ የምታወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ካልተስተካከለችው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ከላቦራቶሪ እስከ ጋራዥ

በአዲስ አበባ መካኒኮች ላይ የስንፍና ክስ ማቅረብ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ዕቃ በሌለበት ዕቃ እየፈጠሩ፣ መመሪያ በሌለበት በጆሮና በእጅ እየመረመሩ እነዚህን መኪናዎች አርባ ዓመት ያኖሩት እነሱ ናቸው። የጎደላቸው በአማርኛ የተጻፈና ለከፍታችን የተሰላ ቁጥር ነው። ይህ ጉድለት ደግሞ የእኛ፣ በአራት ኪሎ ግቢ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የምንማርና የምናስተምር ሰዎች ጉድለት ነው። የግፊትና የከፍታን ዝምድና በሰሌዳ ላይ ደጋግመን ጽፈናል፤ ከግቢው በር ውጭ ያለው ጋራዥ ግን አላየውም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ተማሪዎች ለአንድ የሴሚስተር ሥራ የሚሆን አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ። በሰንጠረዡ ላይ የአዲስ አበባ፣ የአዳማ፣ የባሕር ዳር፣ የድሬዳዋ ከፍታና የአየር ግፊት ይስፈር። ከጎኑም በየከተማው የሚጠበቀው የሲሊንደር ግፊት፣ የውኃ መፍያ ነጥብ፣ የካርቡራቶር ቀዳዳ ማስተካከያ ይጻፍ። ከዚያም ወረቀቱ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከመካኒኮችም ጋር ተቀምጠው እየለኩ ያርሙት። ተማሪው ቀመሩ በእውነተኛ ብረት ላይ ሲሠራ ያያል፤ መካኒኩም ጤነኛ ሞተር ከማውረድ ይድናል።

ዲኤክስን የምታሳድስ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ቀለሙም ቸርኬውም ይድረስ። ነገር ግን መጀመሪያ ለኩ። ከዚያ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መሪውን አድሱ። ቀጥሎ ራዲያተሩንና ካርቡራቶሩን ለአራት ኪሎ አየር አስተካክሉ። ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ መኪናዋ ያላት ኃይል ለዕለት ጉዞ እንደሚበቃ፣ ከእንጦጦ ስትወርዱም ልባችሁ እንደማይመታ ትገነዘባላችሁ። ማርሚታውን ግን እባካችሁ መልሱት፤ በግቢው ውስጥ ፈተና ላይ ያለ ተማሪ አለ።